«ሆርሞኑ ተነስቶበት ነው» ከምንለው ባሻገር

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ እየሄድኩ ከኋላዬ ሁለት እናቶች ይጫወታሉ። አንደኛዋ አሥራ አምስት ዓመት ስለሞላው ልጇ ታማርራለች። በሩን በኃይል ይዘጋል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ቤት ውስጥ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ሌላኛዋ «ተይው፣ ሆርሞኑ ተነስቶበት ነው፣ ይበርድለታል» አለቻት።

አልተሳሳተችም። ግን ለብዙዎቻችን ሆርሞን ማለት ይኸው ብቻ ነው፤ የሚነሳና የሚበርድ የጉርምስና ትኩሳት። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለ ሆርሞን በየቀኑ የማልሰማው ነገር የለም። አንዳንዱ ወሬ ማንንም አይጎዳም። አንዳንዱ ግን ሰውን መድኃኒቱን ያስጥለዋል፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እስቲ በተራ በተራ እንያቸው።

«ሆርሞን የጉርምስና ነገር ነው»

ሆርሞን መልእክት ነው። አንድ የሰውነት ክፍል ወደ ደም ይለቀዋል፣ ሌላ ቦታ ያለ ክፍል ይሰማዋል። ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ረዳቱ «ሳርቤት፣ ሳርቤት፣ ሁለት ሰው!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ የሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ፒያሳ የሚሄደው ግን ዞር ብሎም አያይም፣ ተንደርድሮ የሚገባው ሳርቤት የሚሄደው ብቻ ነው። ሆርሞንም እንደዚሁ ከደም ጋር መላ ሰውነትን ይዞራል፣ የሚሰማው ግን ለዚያ መልእክት የተሠራ ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው። ብዙዎቹ ሆርሞኖች በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኙት በግራም ቢሊዮንኛ እየተለኩ ነው።

እስካሁን ከ50 በላይ ሆርሞኖች ታውቀዋል። ከጉርምስና ጋር የሚያያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ሲመሽ እንቅልፍ የሚጠራ አለ። ውሃ ሲያጥረን ኩላሊታችን ሽንት እንዲቆጥብ የሚያዝ አለ። ኩላሊት ራሱም ኦክስጅን ሲያንሰው ለአጥንት መቅኔ «ቀይ የደም ሴል ጨምር» ብሎ የሚልከው አለ፤ ከቆላ ተነስቶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የመጣ ሰው ሳያውቀው ይሄ ሆርሞኑ ሥራ ይበዛበታል።

ቃሉን ያወጣው እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905፤ «አነሳሳ» ከሚል የግሪክ ቃል። ያኔ ከጉርምስና ጋር ምንም አላገናኘውም። ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ እሱና ዊልያም ቤይሊስ ያገኙት፣ ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀት ለቆሽት «ምግቡ መጥቷል፣ ተነስ» ብሎ የሚልከውን መልእክት ነው። የሆርሞን ታሪክ የጀመረው ከሆድ ነው ማለት ነው።

«ኢስትሮጅን የሴት፣ ቴስቶስትሮን የወንድ»

ሁለቱም በሁላችንም ውስጥ አሉ። የሚለየው መጠናቸው ነው። ወንድ ልጅ ቁመት መጨመር የሚያቆመው፣ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው የሚያድገው ክፍል የሚዘጋው በኢስትሮጅን ነው፤ ሰውነቱ ከራሱ ቴስቶስትሮን እየቀየረ ይሠራዋል። ሴትም ቴስቶስትሮን ታመነጫለች። ስለዚህ የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ የ«ሌላኛውን» ስም ብታዩ አትደንግጡ።

«ቆሽቴ አረረ»

ስንናደድ ቆሽታችን ያራል፣ ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል። ውብ አማርኛ ነው፣ ይቀጥል። ሰውነት ውስጥ ግን ያን ሰዓት ልብ የሚደልቀው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው፣ አፍ የሚደርቀው በአድሬናሊን ነው፤ እሱ የሚወጣው ደግሞ ኩላሊቶቻችን ላይ እንደ ቆብ ከተደፉት ሆርሞን የሚያመነጩ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ቆሽት በዚህ ውስጥ የለበትም። ከእሱ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ኢንሱሊን ማምረት ነው።

ኢንሱሊን የበላነው ስኳር ከደም ወደ ሴል እንዲገባ በሩን ያስከፍታል። እሱ ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ተትረፍርፎ ሴሎቹ ይራባሉ። ጎተራው ሞልቶ ቤተሰቡ ጦሙን እንደሚያድርበት ቤት ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «ኢንሱሊን የመጨረሻ ነው፣ ከተጀመረ አበቃ፣ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ወሬ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ነጠላቸውን ከዝናቡ እያራገፉ ገቡ። የመጀመሪያ የኢንሱሊን ማዘዣቸው ነው። ወረቀቱን ሰጥተውኝ ጫፉን ግን አልለቀቁትም።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር አንዴ ከጀመሩት አይለቅም አሉ። ጎረቤቴም በጀመረች በዓመቷ ነው ያረፈችው።»

ወንበር አቀረብኩላቸው። «እማማ፣ ጎረቤትዎ ስንት ዓመት ስኳር ነበረባቸው?»

«ኧረ ብዙ ዘመን! መርፌውን እምቢ ብላ ብላ፣ ኩላሊቷም ደክሞ ነበር።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሰው መርፌውን እየፈራ ያዘገየዋል፣ ስኳሩ ኩላሊቱንና ዓይኑን ሲጎዳ ይከርማል፣ በመጨረሻ ሲጀምር ግን ጥፋቱ በመርፌው ይላከካል። ኢንሱሊን ሱስ አይደለም። ሰውነት ድሮ ራሱ ሲሠራው የነበረውን ነገር፣ አቅም ሲያንሰው ከውጭ ማገዝ ነው። በልጅነት በብዛት በሚጀምረው ዓይነት አንድ ስኳር ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን ማምረቱን ያቆማል፣ ስለዚህ መርፌው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የግድ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ዓይነት ልጅ ወላጆቹ እያዩት ከስቶ ይሞት ነበር። ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለዩት። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እንደታሰበው አልሆነም። ባዮኬሚስቱ ጄምስ ኮሊፕ መድኃኒቱን አጣራውና ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ተሰጠው፣ ስኳሩም ወረደ። በወራት ይሞታል የተባለው ልጅ 13 ዓመት ተጨምሮለት ኖረ። ይሄን ሁሉ ለእማማ አልነገርኳቸውም፣ የልጁን ታሪክ ግን ነገርኳቸው። «እናቱ ምን አለች ይሆን!» አሉኝ።

ከዚያ የት እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኳቸው። «ፍሪዘር ውስጥ ነዋ፣ ሥጋው ጋ።» በፍጹም! በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ተበላሽቷል፣ ቢቀልጥም አይመለስም። ያልተከፈተው የፍሪጁ መደርደሪያ ላይ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ፀሐይና ሙቀት ከሌለበት ቤት ውስጥ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ጾም ሲመጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ የስኳር ታማሚዎች፣ እባካችሁ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ። መድኃኒቱን ወስዶ ሳይበሉ መዋል ስኳርን ከሚገባው በታች ጥሎ ራስን ያስታል።

«ዕጢ አለብህ ተባልኩ»

ይሄኛው የቋንቋችን ጣጣ ነው። ዕጢ ስንል ሁለት ነገር ነው፤ በሽታ ሆኖ የሚበቅለውም ዕጢ፣ ሆርሞን የሚያመነጨው ጤነኛ አካልም ዕጢ። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ መጣ። «እህቴ፣ የታይሮይድ ዕጢ ነው አሉኝ። ምን ያህል ጊዜ አለኝ?» ወረቀቱን አየሁት። ታይሮይዱ ሥራው ቀንሷል፣ የታዘዘለት በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ እንክብል ነው። «ወንድሜ፣ የታይሮይድ ዕጢ እኔም አለኝ፣ አንተም ስትወለድ ጀምሮ አለህ» ስለው የባንኮኒውን ጠርዝ ይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሦስት ቀን አልተኛም ነበር።

ታይሮይድ አንገታችን ፊት ለፊት ያለ፣ ቢራቢሮ የሚመስል፣ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን ዕጢ ነው። ሰውነት ጉልበቱን በምን ፍጥነት እንደሚያቃጥል የሚወስነው እሱ ነው። ሲደክም ሰው ይበርደዋል፣ ይዝላል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል። ሲበዛበት ደግሞ ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። አዮዲን ሲያጣ ሆርሞኑ ያንሳል፣ ያኔ አንጎል ሥር ያለችው አተር የምታክል ዕጢ፣ ፒቱታሪ፣ «ጨምር እንጂ!» እያለች መልእክት ታዥጎደጉዳለች። ታይሮይዱ ትእዛዙን ለመፈጸም ሲታገል ያብጣል። እንቅርት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። እርግማንም አይደለም፣ ውሃም አልቋጠረም። አያቶቻችን ለእንቅርት ብለው አንገታቸውን ይነቀሱ ነበር፤ መፍትሔ ፈልገዋል፣ የጎደለው ግን ከአፈሩ ነበር። ደጋማው አገራችን ላይ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በሽታው ምን ያህል የቤታችን እንደነበር ይናገራል።

«ጨው ያው ጨው ነው» የምትሉ እዚህ ጋ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል፣ በምክንያት ነው። አንድ ጎልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ የዕድሜ ልኩ ተጠራቅሞ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ነፍሰ ጡር ግን ይህ ሲጎድልባት፣ አንገቷ ላይ ምንም ሳይታይ የልጇ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ግዙ። ከምድጃው አጠገብ ክፍቱን አታስቀምጡት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

«መርፌው ደሙን ሆዴ ውስጥ ያጠራቅመዋል»

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ በአገራችን ከሌሎቹ ዘዴዎች ይልቅ ሴቶች የሚመርጡት ነው፣ ወሬውም በዚያው ልክ ይበዛበታል። የወር አበባ ሲቀር «ታዲያ ደሙ የት ሄደ?» ይባላል። የትም አልሄደም። በተለመደው ወር ሆርሞኖች የማህፀንን ግድግዳ ያወፍሩታል፣ እርግዝና ከሌለ ይወርዳሉ፣ ግድግዳውም ተልጦ በደም መልክ ይወጣል። መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን ግን እንቁላሉ እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ ግድግዳውንም ስስ አድርጎ ያቆየዋል። ያልተጠራቀመ ነገር ደግሞ አይፈስም።

«መካን ያደርጋል» የሚለውም ትክክል አይደለም። እውነት ያለበት ግን መዘግየቱ ላይ ነው። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ማርገዝ እስከ 10 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይሄ አስቀድሞ ሳይነገራት የምትጨነቅ ሙሽራ ስንት ናት! በቅርብ ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ ለባለሙያዋ ንገሪያት፣ ቶሎ የሚመለስ ሌላ ዘዴ አለ።

«የፈረንጅ ዶሮ በሆርሞን ነው የሚያድገው»

በየበዓሉ የምንሰማው ነው። የእድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፣ ከመኖ ጋር ቢሰጣት ዶሮዋ እንደ ማንኛውም ምግብ ትፈጨዋለች። እንዲሠራ እያንዳንዷን ደጋግሞ መውጋት ያስፈልጋል፣ በሺህ የሚቆጠር ዶሮ ያለው ሰው ይሄን አያደርገውም። የሥጋ ዶሮ በስድስት፣ ሰባት ሳምንት የምትደርሰው በትውልድ ትውልድ ፈጣኖቹ እየተመረጡ ስለተዳቀሉና መኖዋ ስለተመጠነ ነው። የሐበሻ ዶሮ ለወጥ ይጣፍጣል፣ እሱን እኔም አልክድም።

«ሆርሞን ነው ያወፈረኝ»

አልፎ አልፎ እውነት ነው። የደከመ ታይሮይድ ክብደት ይጨምራል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፣ አብዛኛውም ውሃና ጨው። ጥርጣሬ ካላችሁ በደም ምርመራ ይታወቃል። በተቃራኒው ለመወፈር ብሎ ዴክሳሜታሶን የሚባለውን መድኃኒት ስጡኝ የሚለኝም አለ፤ አልሰጥም፣ ምክንያቱ የሚቀጥለው ነው።

«ክሬም እኮ ነው!»

በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። ቦርሳዋን ከፍታ ተጨምቆ ያለቀ ቱቦ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ክሎቤታሶል። «እንደዚህ ዓይነቱን። ፊቴን ያጠራልኛል።» ስንት ጊዜ ተቀባሽው አልኳት። ስምንት ወር። ጉንጯ ላይ ቀያይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ቆዳዋ ሳስቶ ያብረቀርቃል።

ይሄ ክሬም ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን በጣም በበረታ መልኩ የሚተካ ነው፣ ዴክሳሜታሶንም የዚያው ቤተሰብ ነው። ኮርቲሶል ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳን፣ ስንታመም ደማችን ግፊቱን እንዲይዝ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ክሬሙ በቆዳ ገብቶ ደም ውስጥ በብዛት ሲገኝ ሰውነት «አለኝ» ብሎ የራሱን መሥራት ይተዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ያንቀላፋሉ። ድንገት ሲቆም ደግሞ የሚተካ የለም፤ ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ስለዚህ ለወራት ሲጠቀሙ ኖሮ በአንድ ቀን መወርወርም አደጋ አለው፣ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። የቆዳ ሐኪም ጋ ዛሬውኑ ሂጂ አልኳት። ባዶውን ቱቦ ልትጥለው ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ስትዘረጋ ያዝኳት። «አትጣይው፣ ለሐኪሙ አሳዪው።» ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።