«ሊነጋ ሲል ይጨልማል»

ድሬዳዋ ውስጥ ይህን አባባል ብዙ የምሰማው ለቅሶ ቤት ነው። «አይዞህ፣ ነገ ይሻላል» ለማለት ይጠቀሙበታል። ትርጉሙ ግን ከዚያ ይጠልቃል።

አነጋገሩን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ «ከጨለመ በኋላ ይነጋል» አይልም። ንጋቱን ያስቀድማል፦ «ሊነጋ ሲል»። ጨለማው የመጣው ንጋቱ ስለቀረበ ነው። ይህን የሚያውቀው ነቅቶ ያደረ ሰው ነው፤ ሌሊት የተጓዘ፣ በሽተኛ ያስታመመ፣ ማኅሌት የቆመ። ጨረቃ ከገባች በኋላ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርባትን ሰዓት እነሱ ያውቋታል። አባባሉም ከእነሱ አፍ የወጣ ይመስለኛል።

ከጾመ ነቢያት ጋር አያይዤ የማስበው ለዚህ ነው። ኅዳር 15 የሚገባው ይህ ጾም ነቢያት የክርስቶስን መምጣት የናፈቁት ናፍቆት መታሰቢያ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶችም ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። የስብከት እሑድ ምስባክ፣ ከዳዊት መዝሙር ተመርጦ የሚዜመው ጥቅስ፣ «ፈኑ እዴከ እምአርያም፤ አድኅነኒ ወባልሐኒ እማይ ብዙኅ» ይላል፦ እጅህን ከአርያም ላክ፤ ከብዙ ውኃም አድነኝ። ለድሬ ሰው ይህ ቃል እንዲሁ ተሰምቶ አያልፍም። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ዲያቆኑ «እማይ ብዙኅ» ሲል ጉሮሮዬ ይያዛል። ግን መጽናናቴም እዚያው ነው፤ ሐዘኔን ዋጥ አድርጌ እንድመጣ የጠየቀኝ የለም፣ የምለምንበት ቃል ተሰጠኝ እንጂ።

በሳምንቱ ብርሃን ይመጣል። «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ፤ እማንቱ ይምርሓኒ ወይሰዳኒ ደብረ መቅደስከ»፦ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ፤ እነርሱ መርተው ወደ ተቀደሰው ተራራህ ይውሰዱኝ። «ብርሃን ላክልኝ» የሚለው እንግዲህ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የቁልቢ ገብርኤል በዓልም ታኅሣሥ 19 በዚሁ ሰሞን ይውላል። ገብርኤል ለሠለስቱ ደቂቅ፣ ለሦስቱ ወጣቶች፣ የደረሰላቸው እሳቱ ውስጥ ከተጣሉ በኋላ መሆኑን አስታውሱ።

አንድ ዓመት ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ በእግር ስንሄድ የደንገጎን ዳገት በሌሊት ወጣነው። አጠገቤ አንዲት እናት ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ይወጣሉ። ጨረቃዋ ገባች።

«ጨለመብን እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ሊነጋ ነው፣ ልጄ» አሉኝና ቀደሙኝ።