ድሬ ላይ ስለ ሳምንታዊ ንባብ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባሁ 4ኛ ዓመቴ ነው። ፍሬሽ ልጆች በመጡ ቁጥር ስለ ንባብ ያንኑ የተሳሳተ ምክር ሲቀበሉ አያለሁ፤ ከልቤ ያሳዝነኛል።

«ሚድ ሲደርስ እቸክላለሁ።» ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የ5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ ክላሱን ጨምሮ 135 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክላሱ 3 ሰዓት ቢሆን 5 ሰዓት ተኩሉ የእናንተ ድርሻ ነው። 7 ሳምንት ካጠራቀማችሁት ከአንድ ኮርስ ብቻ 38 ሰዓት ይቆለልባችኋል።

«ሁሉንም ገጽ ካላነበብኩ አላነበብኩም።» 40 ገጽ ሲሰጣችሁ ሁሉም ገጽ እኩል አይደለም። ኮርስ አውትላይኑን፣ የምዕራፉን ርዕሶች፣ መጨረሻ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ቀድማችሁ እዩ። ጥያቄ የሚወጣበትን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ሌላውን በዓይን እለፉት።

«ስላይዱ ይበቃል።» አይበቃም። ስላይድ ነጥቡን ይነግራችኋል እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም።

«ደጋግሜ ካነበብኩት ገብቶኛል።» ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። ተማሪዎቹ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ የሌላውን ግን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበቡ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉትን 56 በመቶ፣ ደግመው ያነበቡትን 42 በመቶ ነው ያስታወሱት። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም! የዶርም ጓደኛዬ አንብባ ስትጨርስ ሃንድአውቱን ትገለብጠውና ጀርባው ላይ የያዘችውን በእስክሪፕቶ ትጽፋለች፣ ከዚያ ገልጣ የዘለለችውን በቀይ ትሞላለች። ቀዩን ብቻ ነው ደግማ የምታጠናው።

«ያለ ጫት አይነበብም።» ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ይሄን መከራከር ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፣ አይካድም። ግን ምርቃናው ሲያልቅ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቀን ያነበባችሁት ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚረጋው ደግሞ ስትተኙ ነው። ሙቀቱ ሲያይል መጽሐፍ ይዛችሁ ከምትታገሉ አረፍ በሉ፣ ማታ በጊዜ ተኙና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። ያኔ ንፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ዶርሙም ጸጥ ያለ ነው። እኔ ከባዱን ምዕራፍ የምይዘው በዚያ ሰዓት ነው።