«ደንብ አውጥተናል፣ ሌላ ምን ይደረግ?» በቴክኖሎጂ ማኅበረሰቦች ስለ ሴቶች መብት የሚነገሩ ስህተቶች

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፕሮግራሚንግ ድሮም የወንድ ሙያ ነው»

ድሮውን ካነሳን፣ ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነውንና በ1946 ለሕዝብ ይፋ የተደረገውን ኤኒያክ ፕሮግራም ያደረጉት 6 ሴቶች ናቸው። በአሜሪካ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች የሴቶች ድርሻ በ1980ዎቹ አጋማሽ 37 በመቶ ገደማ ደርሶ፣ በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ 18 በመቶ ወረደ። ተፈጥሮ በሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ አይገለበጥም።

«መድረኩ ክፍት ነው፤ የማያመለክቱት እነሱ ናቸው»

ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ጉባኤ በሆነው በፓይኮን፣ ሴቶች ያቀረቡት ንግግር በ2011 1 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2016 40 በመቶ ደረሰ። አዘጋጆቹ ሴቶችን አንድ በአንድ እየፈለጉ እንዲያመለክቱ ጋብዘዋል። «ሴቶች ይበረታታሉ» የሚል ማስታወቂያ የሚያነቡት ቀድሞም ሊያመለክቱ የነበሩት ናቸው። ለእያንዳንዷ በስሟ ጻፉ፣ በየትኛው ሥራዋ ላይ ብትናገር እንደሚሻል ጥቀሱ፣ ረቂቋንም ቀነ ገደቡ ሳይደርስ አንብባችሁ አስተያየት ስጡ።

«የሥነ ምግባር ደንብ ከወጣ ነገሩ አለቀ»

ብዙው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። «እንከባበር» የሚል አንድ መስመር ደንብ አይባልም። ከ2011 እስከ 2015 የሠራው፣ በቴክኖሎጂ ውስጥ ያሉ ሴቶችን የሚደግፈው ድርጅት አዳ ኢኒሼቲቭ ያስፋፋው የደንብ ናሙና ውጤታማ የሆነው የተከለከለውን በስሙ ስለጠራ ነው፦ ያለ ፈቃድ መንካት፣ መከታተል፣ ለትንኮሳ ፎቶ ማንሳት፣ በስላይድ ላይ የወሲብ ምስል ማሳየት።

ከዚያ በኋላ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ተቀባዩ አንድ ብቻ ከሆነና እሱም የተከሳሹ ወዳጅ ከሆነ፣ ማንም አፉን አይከፍትም። ቢያንስ 3 ተቀባዮች ይኑሩ፤ ለየብቻቸው የሚገኙ ይሁኑ፤ ስሙ በአቤቱታው የተነሳ ሰው ወዲያው ከጉዳዩ ይውጣ። ሲመዘገብ «አስቸገራት» ብሎ ማለፍ ዋጋ የለውም። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ያየ ሰው ካለም ስሙ ይጻፍ። አቤቱታው መድረሱ ለአቤት ባይዋ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገራት። ቅጣቱም ከማስጠንቀቂያ እስከ ማባረር ደረጃ በደረጃ ቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ተከሳሹ ታዋቂ ሲሆን ውይይቱ ማለቂያ አይኖረውም።

«አስታርቀን ጨረስነው» ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ተበዳይዋን ከበዳይዋ ጋር ፊት ለፊት ማስቀመጥ ሁለተኛ በደል ነው።

«ኮዱ ነው የሚታየው፣ ጾታ ማን ያያል?»

ፕሮግራመሮች ኮድ በሚጋሩበት ድረ ገጽ፣ በጊትሀብ፣ ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሴቶች የኮድ ማሻሻያዎች በጥቅሉ ከወንዶቹ የበለጠ ተቀባይነት አግኝተዋል። ለፕሮጀክቱ እንግዳ የሆኑት ሴቶች ጾታቸው ከፕሮፋይላቸው ሲለይ ግን ውጤቱ ተገልብጧል።

«ተቃውሞ ጩኸት ብቻ ነው»

በኖቬምበር 2018 ወደ 20,000 የሚጠጉ የጉግል ሠራተኞች የኩባንያውን የወሲብ ትንኮሳ አያያዝ በመቃወም ሥራ አቁመው ወጡ። በሳምንቱ ኩባንያው የትንኮሳ ክስ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በግዴታ በግልግል ዳኝነት እንዲያልቅ የሚያደርገውን አሠራር አነሳ፤ በ2019 ደግሞ ለሌሎች የሠራተኛ ክሶችም አስቀረው። የሠራተኛ ተወካይ በቦርድ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ምላሽ አላገኘም።