የቻይንኛ ቶን ምንድን ነው? ቅኝት ግን አይደለም

«ቻይንኛ አራት ቅኝት አለው፤ እኛ ወሎዬዎች ደግሞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ስላደግን አይከብደንም።» ይህን አባባል ደሴም ኮምቦልቻም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አዘጋጅ ለጀማሪዎች በሠራው የኢንተርኔት ጨዋታ መግቢያ ላይ ሰፍሮ አገኘሁት። በጨዋታው እያንዳንዱ ቶን አንድ የፒያኖ ቁልፍ ተሰጥቶታል። ተማሪው ቁልፉን ይነካል፣ ድምፁን ይሰማል፣ የቶኑን ቁጥር በትክክል ከመረጠ ኮከብ ይበራለታል። መልኩ ያማረ ነው፤ የአዘጋጁ ድካምም ይታያል። ነገር ግን ተማሪውን ወደ ቶን ሳይሆን ከቶን ያርቀዋል። እኔም የምሠራው ለቻይንኛ ተማሪዎች እንቆቅልሽና ጨዋታ ማዘጋጀት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ቶን ማለት በአንድ ክፍለ ቃል ላይ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበት አካሄድ ነው፤ ይህ አካሄድ አንዱን ቃል ከሌላው ቃል ይለያል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ይጥለዋል። ድምፅ ከፍና ዝቅ ማለቱማ በአማርኛም አለ። በማንደሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ ግን አካሄዱ ከተለወጠ ቃሉም ተለወጠ። «ማይ» ዝቅ ብሎ በሦስተኛው ቶን ሲነገር መግዛት ነው፤ ከላይ ወደ ታች ወርዶ በአራተኛው ሲነገር መሸጥ ነው። «የን» ከፍ ብሎ ሳይነቃነቅ ሲነገር ትምባሆ ነው፤ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ጨው ነው። «ታንግ» በመጀመሪያው ቶን ሾርባ፣ በሁለተኛው ስኳር። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ነጋዴ መግዛትና መሸጥ ቢምታቱበት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያስቸግርም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነበር፤ ከወልድያ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር ሥራ ይዞ የነበረውም ሌላ የቻይና ኩባንያ ነው። በአካባቢያችን ቻይንኛ ለሥራ የሚፈለግ ቋንቋ ነውና፣ ሰው በተሳሳተ ጨዋታ ጊዜውን ሲያባክን ያንገበግበኛል።

ቶን ለምን ቅኝት አይደለም? ቅኝት አንድ ሙሉ ዜማ የሚገነባባቸው አምስት ድምፆችና በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። ርቀቱ ከተዛባ ባቲው ባቲ መሆኑ ይቀራል። በቶን ዘንድ እንዲህ ያለ የተወሰነ ርቀት የለም። ዣኦ ዩዌንረን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ1930 እ.ኤ.አ. የተናጋሪውን የድምፅ ክልል ከ1 (ዝቅተኛው) እስከ 5 (ከፍተኛው) ባለው ደረጃ ከፍሎ፣ ቶኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በቁጥር የሚጽፍ ዘዴ አቅርቧል። በዚህ ዘዴ የመጀመሪያው ቶን 55፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 214፣ አራተኛው 51 ተብሎ ይጻፋል። «ይኸው አምስት ደረጃ፣ ይኸው አምስት ድምፅ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደረጃዎቹ ግን የሚለኩት በተናጋሪው በራሱ ድምፅ ውስጥ ነው። የአንዲት ሕፃን ዝቅተኛ ድምፅ ከአንድ ጎልማሳ ከፍተኛ ድምፅ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግን ያንኑ ቃል በትክክል ተናግረዋል። የፒያኖ ቁልፍ ይህን ማሳየት አይችልም። ቁልፉ አንድ ቋሚ ድምፅ ነው፤ ከአራቱ ቶኖች ሦስቱ ደግሞ ቋሚ አይደሉም፣ ይንቀሳቀሳሉ።

እንዲያውም ቻይናውያን በማንደሪን ሲዘፍኑ ብዙውን ጊዜ ዜማው ቶኑን ይውጠዋል፤ አድማጩ ቃሉን የሚይዘው ከአገባቡ ነው። ቶን ዜማ ቢሆን ኖሮ ዘፈን ውስጥ ይደምቅ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። (በደቡብ ቻይና በሚነገረው በካንቶንኛ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ የዘፈን ደራሲዎች ዜማውን ከቶኑ ጋር ለማስማማት ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ ይህን ነጥብ ከማንደሪን ውጭ እንዳትወስዱብኝ።) የሙዚቃ ሥልጠና ያለው ሰው ቶን በመለየት እንደሚሻል የሚያሳዩ ጥናቶች መኖራቸውንም አልክድም። ያ የሚናገረው ስለ ጆሮ ንቃት ነው። ቶን ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው ለሚለው ደግሞ፣ በደቡብ ምዕራብ የሚነገረው ቤንችኛ አምስት የከፍታ ደረጃ ያላቸው ቶኖች እንዳሉት በቋንቋ አጥኚዎች ተመዝግቧል። ቤንችኛ ተናጋሪው ይህን ሁሉ ለማወቅ ክራር መቃኘት አላስፈለገውም።

ንጽጽር ካስፈለገ በአማርኛችን ውስጥ የተሻለ አለ፤ ማጥበቅና ማላላት። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነገር ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፤ ሲጠብቅ በዓሉ መጣ። አንድ የውጭ አገር ሰው ደሴ ፒያሳ ላይ ደላላ አቁሞ «ሰፊ ቤት እፈልጋለሁ» ሲል «ፊ»ን ቢያላላ፣ ደላላው ቤት ከማሳየት ይልቅ ወደ ልብስ ሰፊ ቢያመላክተው ጥፋቱ የማን ነው? ደላላው የሰማውን ቃል ነው ያስተናገደው። እኛም «ሰፊ»ን የሚያጠብቅ ሰው ስንሰማ ተቆጣ፣ ዘፈነ ወይም ቃሉን አሳመረ አንልም። ጥብቀቱ የቃሉ አካል ነው። የቻይንኛ ቶንም ከቃሉ ጋር ያለው ዝምድና ይኸው ነው።

ንጽጽሩ ከዚህም ይርቃል። ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍም፤ እኛ ግን ጋዜጣ ስናነብ አንደናቀፍም፤ ቃሉን አስቀድመን ስለምናውቀው ዓረፍተ ነገሩ ይመራናል። ቻይናውያንም ስልካቸው ላይ ሲጽፉ በላቲን ፊደል በሚጻፈው በፒንዪን የቶን ምልክት ሳያደርጉ ይመቱና ከሚቀርብላቸው ዝርዝር የሚፈልጉትን የቻይንኛ ጽሕፈት ይመርጣሉ። አንድ ተከራካሪ ይህን ይዞ «ባለቤቶቹ የተዉትን ቶን እኛ ለምን እናጠናለን?» ብሎ ጽፏል። ባለቤቶቹ አልተዉትም። ምልክቱን ነው ያልጻፉት፤ ቶኑ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ጥብቀትን ስለማንጽፍ ጥብቀት የለንም እንደማለት ነው። ጀማሪው ተማሪ ደግሞ ያለ ምልክት የተጻፈ ቃል ሲሰጠው፣ አማርኛ ሳያውቅ «ገና» የሚል ጽሑፍ እንደተሰጠው ሰው ነው።

ንጽጽሩ የሚያበቃበትም ቦታ አለ፤ ያን ካልተናገርኩ እኔም ሌላ ስሕተት አስፋፋለሁ። ጥብቀት ተነባቢው የሚወስደው ጊዜ ጉዳይ ነው፤ ቶን የድምፅ ከፍታ ጉዳይ ነው። አማርኛ በጥብቀት ብቻ የሚለያቸው ጥንድ ቃላት አሉት፤ ማንደሪን ግን በቶን ላይ የጣለው ሸክም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ቶን ሳይቆጠር ያሉት ክፍለ ቃላት 400 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ቶን ሲቆጠር ወደ 1,300 ይደርሳሉ። ቶንን የተወ ተማሪ ከቋንቋው ድምፅ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ልዩነት ትቷል።

ሌላው የሚያናድደኝ ቶንን በስሜት ማስተማር ነው። «ሁለተኛው ቶን እንደ ጥያቄ፣ አራተኛው እንደ ቁጣ» ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያግዛል። ከዚያ በኋላ ተማሪው በአራተኛው ቶን የሚያልቅ ጥያቄ መጠየቅ ሲኖርበት ይቸገራል፤ ጥያቄ ነውና የመጨረሻውን ቃል ወደ ላይ ይስበዋል፣ ቃሉም ሌላ ይሆናል። ቻይናዊው ሲጠይቅ ድምፁን በጠቅላላው ከፍ አድርጎም ቢሆን የአራተኛውን ቶን ቁልቁለት አይተውም። በቁጣ የሚናገር ሰው ሁለተኛውን ቶን፣ በፍቅር የሚናገር ሰው አራተኛውን ይጠቀማል፤ ቃሉ ይህን ቶን ይዞ ተወልዷልና።

ሦስተኛው ቶን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጨዋታዎች ሁሉ የሚበላሹት እዚህ ነው። ምልክቱ ወርዶ የሚወጣ ስለሆነ አዘጋጆች ተማሪው በጣቱ ሸለቆ እንዲሥል ያደርጋሉ። ለብቻው በዝግታ የተነገረ ሦስተኛ ቶን እውነትም ወርዶ ይወጣል። በተርታ ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱ ይቀርና ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሸለቆ ሲሥል የከረመ ተማሪ እያንዳንዱን ሦስተኛ ቶን እያስረዘመ፣ እየጎተተ ይናገራል፤ ሰሚው ደግሞ ከመጨረሻው ከፍታ የተነሣ ሁለተኛ ቶን ይመስለዋል። በዚህ ላይ ሁለት ሦስተኛ ቶኖች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ይለወጣል። ሁሉም የሚያውቀው «ኒ ሃኦ» ሲጻፍ ሁለቱም ሦስተኛ ናቸው፤ ሲነገር «ኒ» ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ጨዋታችሁ «ኒ ስንተኛ ቶን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የቱን መልስ ትቀበላላችሁ? በጆሮው የሰማውን የመለሰውን ተማሪ ተሳስተሃል ብሎ ቀይ መብራት ማብራት በደል ነው። እኔ ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ «ምን ሰማህ?» እና «እንዴት ይጻፋል?» ብዬ፣ ለየብቻ ነጥብ እሰጣለሁ።

ወደ ጨዋታው ሥራ ስንመጣ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ድምፁን ዝጉትና ተጫወቱ። አሁንም ማሸነፍ ከተቻለ ጨዋታው ስለ ቶን አይደለም። ምልክትን ከቁጥር ማዛመድ፣ አራቱን ቶኖች በአራት ቀለም መቀባት፣ ይህ ሁሉ ዓይንን ያስለምዳል፤ ለምልክት ትምህርት ይሁን፣ ስሙ ግን የቶን ጨዋታ አይባል። ጥሩ ጨዋታ ስሕተት ውጤት ያለው ነው። ለምሳሌ ተማሪው ለድግስ ዕቃ እንዲገዛ ይላካል፤ ሻጩ የሚናገረውን እየሰማ ዕቃ ይመርጣል። ጨው የተባለውን ትምባሆ ብሎ ከሰማ ድስቱ አጠገብ ሲጋራ ተቀምጦ ያገኘዋል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ ሳቁ ደግሞ ልዩነቱን አይረሴ ያደርገዋል። በአግድምና በቁልቁል በሚሞላ የቃላት ጨዋታም እያንዳንዱ ሳጥን ሙሉ ክፍለ ቃል ከነቶኑ ይያዝ፤ የሚሻገሩት ሁለት ቃላት በድምፅ ተስማምተው በቶን ከተለያዩ ሳጥኑ አይዘጋ። ቻይናውያን ራሳቸው ባለ አራት ክፍለ ቃል ፈሊጦችን እንደ ሰንሰለት የሚያያይዙበት የቆየ ጨዋታ አላቸው፤ የአንዱ መጨረሻ ለሚቀጥለው መጀመሪያ ይሆናል። አንዳንዶች ሲጫወቱ ቶኑ ቢለያይም ይፈቅዳሉ። ለባለቋንቋው ያምራል፤ ለተማሪ በሚዘጋጀው ላይ ግን አትፍቀዱ።

ነጠላ ክፍለ ቃልም ቶሎ ተሰናብቶ ወደ ጥንድ መሄድ ይሻላል፤ ንግግር ውስጥ ቶን ብቻውን አይኖርም። አራቱን ቶኖች ከአራቱና ከቀላሉ ቶን (የራሱ አካሄድ ሳይኖረው አጠር ለዘብ ብሎ ከሚነገረው) ጋር ብናጣምር 20 ጥንዶች ይገኛሉ፤ ሦስተኛ ከሦስተኛ ሲገጥም እንደ ሁለተኛ ከሦስተኛ ስለሚሰማ ለጆሮ የሚቀሩት 19 ናቸው። «ሹዌይጂያኦ» ሁለቱም ክፍሎች ሦስተኛ ከሆኑ የተቀቀለ በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ ነው፤ ሁለቱም አራተኛ ከሆኑ መተኛት ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ከመቶ ነጠላ ልምምድ ይበልጣል።

ድምፅ ስትቀዱ ደግሞ ከአንድ ሰው አትቅዱ። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አሜሪካውያን ተማሪዎች የተለያዩ ተናጋሪዎችን እየሰሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ሠልጥነው፣ ቶን የመለየት ውጤታቸው በአማካይ በ21 በመቶ አድጓል፤ ከዚያ በፊት ሰምተውት ወደማያውቁት ተናጋሪም ተሻግሯል። የአንዲት መምህርትን ድምፅ ብቻ የሰማ ተማሪ የእሷን ድምፅ ይለምዳል እንጂ ቶኑን አይለምድም። ሴት፣ ወንድ፣ ሕፃን፣ አዛውንት ይኑርበት። የኮምፒውተር ድምፅ የምትጠቀሙም አንድ ጽሕፈት ሁለት ንባብ ሊኖረው እንደሚችል አትዘንጉ፤ ጥሩ የሚለው ሦስተኛ ቶን «ሃኦ» እና መውደድ የሚለው አራተኛ ቶን «ሃኦ» በአንድ ጽሕፈት ይጻፋሉ፤ ቃሉን ነጥላችሁ ካስነበባችሁት ማሽኑ የማትፈልጉትን ሊያነብ ይችላል።

«ኔትወርካችን ደካማ ስለሆነ ቶን አይሰማም» የሚለው ማመካኛም ልክ አይደለም። የአዋቂ ወንድ ድምፅ መሠረታዊ ንዝረት በሴኮንድ ከ100 እስከ 150 ገደማ ነው፤ የድሮው የስልክ መስመር ከ300 በታች ያለውን ይቆርጥ ነበር፤ ቻይናውያን ግን በዚያው ስልክ ያለ ችግር ይነጋገሩ ነበር፤ ጆሮ ከላይ ካሉት ንዝረቶች ከፍታውን ያገኘዋልና። ፋይሉ ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። ችግር የሚፈጥረው የድምፁ ርዝመት ነው። ለብቻው የተነገረ ሦስተኛ ቶን ረዥም፣ አራተኛው አጭር ስለሚሆን ብልህ ተጫዋች ከፍታውን ሳይሰማ ከርዝመቱ ብቻ ይመልሳል፤ ነጥቡ ሲጨምር እናንተም የተማረ ይመስላችኋል። ስለዚህ አጭርና ረዥም አራተኛ፣ ፈጣንና ዝግ ያለ ሦስተኛ አሰባጥራችሁ ቅዱ፤ የድምፁንም ጉልበት በሁሉም ላይ አስተካክሉ፤ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን ዝምታ እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ።