የሳባቶ ሦስት ማዕዘን ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረቱ፣ የቢራው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ እዚያም ደሴም ሞልቷል። ሰፈራቸው አንድ ነው። በሥራ ግን እምብዛም አይፈላለጉም።

ይህን ችግር ቀድሞ በሥዕል ያስቀመጠው ሆርሄ ሳባቶ የተባለ አርጀንቲናዊ የብረታ ብረት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ከናታልዮ ቦታና ጋር ባወጣው ጽሑፍ አንድ ሦስት ማዕዘን አሰበ። አንዱ ጫፍ መንግሥት፣ ሌላው አምራቹ፣ ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲና ምርምር ነው። ሳባቶን ያሳሰቡት ጫፎቹን የሚያገናኙት መስመሮች ናቸው። በታዳጊ አገር እያንዳንዱ ጫፍ ከጎረቤቱ ይልቅ ከውጭ ጋር ይተሳሰራል፤ መስመሮቹም ሳይሰመሩ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስሙ የገነነው የሦስትዮሽ ትስስር ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ እንዲህ ነው። የአንድ ሽመና ማሽን ጊር ተሰበረ እንበል። ማሽኑ የውጭ ስለሆነ መለዋወጫውም ከውጭ ይታዘዛል። ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፣ ኤልሲ (በባንክ በኩል የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ይከፈታል። ማሽኑ እስከዚያ ቆሞ ይሰነብታል። የተሰበረውን ለክቶ፣ የብረቱን ዓይነትና ጥንካሬ መርምሮ፣ ብረት በሚቀርጹት በቶርኖና በሚሊንግ ማሽን አዲስ ማውጣት ግን መሐንዲሶቻችን የሚማሩት ሙያ ነው። መምህሩ ደግሞ ዓይኑ ውጭ አገር ጆርናል ላይ ነው። የደረጃ ዕድገቱ በአብዛኛው በዚያ ይታሰባልና አይፈረድበትም።

ሳባቶ ሐሳቡን ሠርቶ አሳይቷል። በአርጀንቲና አቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ውስጥ ያቋቋመው የብረታ ብረት ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለፋብሪካዎች የቴክኒክ ድጋፍ አገልግሎት ከፈተ። ባለፋብሪካው የቸገረውን ይዞ ይመጣል፤ ተመራማሪው ከዚያ ይነሳል። በጣም የምወደው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

የኛም የ2004 ዓ.ም. የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ትስስሩን ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ አድርጎታል። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ተማሪም ለኢንተርንሺፕ ይላካል። ማህተም አስመትቶ ብቻ የሚመለሰው ግን ቀላል አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጎደለው ስጋቱን የሚጋራ ነው። የመጀመሪያው ጊር በሳምንቱ ሊሰበር ይችላል። ባለፋብሪካው ይህን እያወቀ ምርቱን አያስይዝም። መንግሥት እነዚያን የመጀመሪያ ሙከራዎች ከፍሎ ያሠራ፣ ኪሳራውንም ይሸፍን። መምህሩም ማሽን ባስነሳ ቁጥር ለዕድገቱ ይቆጠርለት።