ስለ ኦፕሽን የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“ያን ግዙፍ ሰውዬ ማንም አላገደውም እኮ! አሰልጣኙ ምን ነካው?”

በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት) ላይ ኦፕሽን፣ ማለትም ኳሱን ማን ይዞ እንደሚሮጥ እዚያው እየተጫወቱ የሚወሰንበትን ስልት፣ የሚጫወት ቡድን ሲያጋጥም ይህን የማይል ሰው የለም። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን አሰለጥናለሁ። ከወላጆችም ከጓደኞቼም የምሰማው ያንኑ ነው። በጣም ሰልችቶኛል።

ሰውዬው ሳይታገድ፣ ማለትም ማንም በሰውነቱ ሳይገፋውና መንገዱን ሳይዘጋበት፣ የተተወው ሆን ተብሎ ነው። በትሪፕል ኦፕሽን ኳርተርባኩ፣ ማለትም ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ሦስት ምርጫ አለው፦ ኳሱን በመሀል ለሚሮጠው ፉልባክ መስጠት፣ ራሱ ይዞ መሮጥ፣ ወይም ከጎኑ ለሚከተለው ሯጭ መወርወር። የሚወስንለት ደግሞ ያ ያልታገደው ተከላካይ ነው። ኳርተርባኩ ኳሱን ፉልባኩ ሆድ ላይ አስጠግቶ ዓይኑን ከተከላካዩ አይነቅልም። ተከላካዩ ወደ ፉልባኩ ከገባ ኳሱን መልሶ ይወስዳል። ካልገባ ለፉልባኩ ይለቅለታል።

ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ሌላ ያልታገደ ሰው ያገኛል። ያ ሰው ወደ እሱ ከመጣ ኳሱ ወደ ጎን ይወረወራል። ሯጩን ከጠበቀ ኳርተርባኩ ራሱ ሰንጥቆ ይገባል።

ሒሳቡን አስቡት። በሁለቱም በኩል 11 ሰው አለ። ኳሱን የያዘው ማንንም ስለማያግድ ዲፌንሱ (የሚከላከለው ቡድን) ሁልጊዜ ትርፍ ሰው ይኖረዋል። ኦፕሽን ሁለት ተከላካዮችን ሳይነካ ከጨዋታ ያወጣል። እነሱን ማገድ የነበረባቸው ልጆች ደግሞ ነፃ ሆነው አንዱን ተከላካይ ለሁለት ይገፉታል፣ ወይም ላይንባከሩ (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆመው ተከላካይ) ጋ ይደርሳሉ። እንደ አርሚና ኔቪ (የአሜሪካ ምድር ጦርና ባሕር ኃይል አካዳሚዎች) ያሉ፣ ቀለል ያሉ ላይንማኖች (በፊት መስመር የሚያግዱ ተጫዋቾች) ያሏቸው ቡድኖች ከትልልቆቹ ጋር የሚፎካከሩት በዚህ ነው።

አንድ ጎበዝ ዲፌንሲቭ ኤንድ (በተከላካዮቹ መስመር ጫፍ የሚቆም) ነበረኝ። ሥራው ፉልባኩን መጣል ነበር፣ ሁሌም ይጥለዋል። ኳርተርባኩ ግን ኳሱን ይዞ በጀርባው ያልፋል። አባቱ “አሰልጣኝ፣ ልጄ ዛሬ ፈዟል” አሉኝ። አልፈዘዘም! ኳርተርባኩን መያዝ የነበረበት ላይንባከር ነው ፉልባኩን ተከትሎ የገባው። ከውጭ ስታዩት የተታለለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሥራውን በትክክል የሠራው ልጅ ነው።

“ኦፕሽን ያረጀ ነገር ነው።” ቅርጹ ተቀየረ እንጂ አልሞተም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሰልጣኙ ኤሞሪ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ1968 ባመጣው ዊሽቦን በተባለው የኦፕሽን አሰላለፍ 30 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ዛሬ በየቡድኑ የምታዩት ዞን ሪድም ያው ነው፤ አንድ ተከላካይ ሳይታገድ ይተዋል፣ ኳርተርባኩ እሱን ያነባል።

“ኳስ ወደ ፊት ካልወረወሩ ትልቅ ቡድን አያሸንፉም።” እ.ኤ.አ. በ2013 ጆርጂያ ሳውዘርን ፍሎሪዳን በሜዳው 26 ለ 20 አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ አንድም የተሳካ ፓስ (ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ) አልነበረውም።

“ፈጣን ተጫዋች ያለው ዲፌንስ በቀላሉ ያቆመዋል።” ፍጥነት ቦታውን ለለቀቀ ሰው አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2018 አርሚ ኦክላሆማ ሜዳ ሄዶ ከ60ው ደቂቃ 45 ያህሉን ኳሱን ይዞ ቆየ። በዚያው ዓመት ሃይስማን (የኮሌጅ ፉትቦል ምርጥ ተጫዋች ሽልማት) የተሸለመው የኦክላሆማ ኳርተርባክ ካይለር መሪ አብዛኛውን ጊዜ ዳር ቆሞ ነው ያየው። ኦክላሆማ 28 ለ 21 ያሸነፈው በጭማሪ ሰዓት ነው።

“ኳርተርባኩ ሯጭ ከሆነ ይበቃል።” አይበቃም፤ መጀመሪያ ዓይን ያስፈልገዋል።

ዲፌንስ ኦፕሽንን የሚያቆመው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ሰጥቶ ነው። አንተ ፉልባኩን፣ አንተ ኳርተርባኩን፣ አንተ ውጭ ያለውን ሯጭ። ኳሱ የትም ይሁን፣ የራስህን ሰው ትይዛለህ። ለልጆች ይህን ማስተማር ከባድ ነው፤ ሁሉም ኳሱ ያለበት መሮጥ ይፈልጋል። ልጃችሁ ዲፌንስ የሚጫወት ከሆነ እባካችሁ ከዳር ሆናችሁ “ኳሱን ተከተል!” አትበሉት። ከጨዋታው በፊት “ዛሬ ያንተ ሰው ማነው?” ብላችሁ ጠይቁት፣ ከዚያ እሱን ብቻ ተመልከቱ። ዲሴምበር ላይ አርሚና ኔቪ ሲጋጠሙም እንደዚሁ አድርጉ። ኳሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከላይንማኖቹ ጫፍ ያለውን ተከላካይ ምረጡ። ማንም ካልነካው፣ ትከሻው ወዴት እንደዞረ እዩ።