ስለ ታኮማ ፓርክ ከተማ ምክር ቤት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ታኮማ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ ናት። በ2020ው ቆጠራ ነዋሪዋ 17,600 ገደማ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሜፕል አቬኑ ላይ ካሉት ትላልቅ አፓርትመንቶች አንዱ ውስጥ ብትገቡ ሊፍት ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ኮሪደሩ ቡና ቡና ይሸታል። ግን እዚያው ሕንፃ ላይ አሥር ዓመት የኖረ ሰው «ከተማዋን የሚያስተዳድራት ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው። ነገሩ ኪራያችንን፣ መንገዳችንን፣ ሰፈራችን የሚዞረውን ፖሊስ ስለሚመለከት፣ ቡና ላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሲቲዝን ስላልሆንኩ ምርጫ አይመለከተኝም»

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። በጣም የሚቆጨኝም እሱ ነው። ለታኮማ ፓርክ ከተማ ምርጫ ዜግነት አይጠየቅም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ በሥራ ፈቃድ የሚኖረውም፣ አሳይለም ጠይቆ መልስ የሚጠብቀውም የከተማዋ ነዋሪ ከሆነ ከንቲባውንና የምክር ቤት አባሉን መምረጥ ይችላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1991 ነዋሪው ድምፅ ሰጠበት፣ በጠባብ ልዩነት አለፈ፣ በ1992 ደግሞ ምክር ቤቱ የከተማዋን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጓን አሻሻለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከተሞች በራሳቸው ምርጫ ማን ድምፅ እንደሚሰጥ በቻርተራቸው መወሰን ይችላሉ። ሃያትስቪልና ማውንት ሬኒየርም ቆይተው ይሄንኑ አድርገዋል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉልኝ፣ ምክንያቱም ስህተቱ በሌላኛውም በኩል አለ። «እዚህ መምረጥ ከቻልኩ ፕሬዚዳንትም መምረጥ እችላለሁ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይቻልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፣ የኢሚግሬሽን ጉዳዩንም ሊያበላሽበት ይችላል። የሜሪላንድ ገዢ ምርጫም፣ የካውንቲ (ከከተማ በላይ፣ ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) ምርጫም፣ የትምህርት ቦርድ ምርጫም ለዜጎች ብቻ ናቸው። ከ2020 ጀምሮ የከተማዋ ምርጫ ጥንድ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ኖቬምበር ላይ፣ ከትልቁ ምርጫ ጋር አንድ ሰሞን ስለሚካሄድ መደናገሩ ቀላል ነው። የከተማዋ ድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ለብቻው ነው። ምዝገባውም እንደዚያው። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በከተማዋ ጸሐፊ፣ ማለትም ሲቲ ክለርክ በሚባለው ቢሮ በኩል ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «መራጭ ሆነህ ልመዝግብህ?» ተብላችሁ «እሺ» ካላችሁ የምትገቡት የስቴቱ መዝገብ ውስጥ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ስለ ምርጫ ጥያቄ አለ፣ ስለዚህ በከተማ ምርጫ የመረጠ ሰው ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል።

«ልጆቹ ገና ናቸው»

16 ዓመት የሞላው ይመርጣል። በ2013 የመራጩን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ በማድረግ ታኮማ ፓርክ ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት። ቤታችሁ ውስጥ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ካለ ምናልባት አንድ ድምፅ ሳታውቁት ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

«ከንቲባው ያዘዘው ይሆናል»

ከንቲባ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የአዲስ አበባው ዓይነት ነው፤ ካቢኔ ያለው፣ ከሥሩ ቢሮዎች የሚመራ ሰው። ታኮማ ፓርክ እንደዚያ አይደለም። ምክር ቤቱ ሰባት ሰው ነው፦ ከንቲባውና ስድስት አባላት። ከንቲባው ስብሰባ ይመራል፣ ከተማዋን ወክሎ ይናገራል፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን እሱም አንድ ድምፅ ነው ያለው። ብቻውን ደንብ አያወጣም፣ ብቻውን በጀት አያጸድቅም። ሰባቱም የሚመረጡት ለሁለት ዓመት ነው። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ይሄኛውን ማታ ማታ ነው የሚሠሩት።

ታዲያ ቀን ቀን ከተማዋን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ሲቲ ማናጀር ይባላል፣ በእኛ አነጋገር የከተማ ሥራ አስኪያጅ። እሱን ሕዝብ አይመርጠውም። ምክር ቤቱ ነው የሚቀጥረው፣ ካልተስማማውም የሚያሰናብተው። ፖሊሱ፣ መንገድና ቆሻሻው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመዝናኛና የቤቶች ክፍሎቹ ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ ሥር ናቸው። በጀቱንም አርቅቆ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ምክር ቤቱ ይመረምረዋል፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰማበታል፣ ከዚያ ጸድቆ ከጁላይ 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ይውላል።

ይሄ ልዩነት የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አንድ ወዳጄ ቆሻሻው ሳይነሳ ስለቀረ ለከንቲባው ረጅም ደብዳቤ ሊጽፍ ተነስቶ ነበር። ለዚህ የሚደወለው ለክፍሉ ነው፤ አንድ ስልክ ይበቃል። ቆሻሻ በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሳ፣ ለዚያ ስንት ብር ይመደብ የሚለው ግን ለምክር ቤቱ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። የዕለት ሥራ ከሆነ ሠራተኞቹ ጋ ነው፣ ደንብና ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የመረጣችኋቸው ሰዎች ጋ።

«የምክር ቤት አባል ሁሉ አንድ ነው፣ ለማንም ብነግር ችግር የለውም»

ከተማዋ በስድስት ዋርድ፣ ማለትም በስድስት የምርጫ ክልል ተከፍላለች። እያንዳንዱ ዋርድ አንድ አባል ይመርጣል። ከንቲባውን ብቻ ነው ከተማው በሙሉ የሚመርጠው። ስለዚህ እናንተ የምትመርጡት ሁለት ሰው ነው፦ የዋርዳችሁን አባልና ከንቲባውን። ዋርዱ ትንሽ ነው፣ ሦስት ሺህ ሰው ገደማ ቢሆን ነው። ከዚያ ውስጥ የሚመርጠው ደግሞ ያነሰ ነው። አንድ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ተጠራርቶ ቢወጣ ውጤት ሊቀይር ይችላል፣ ይሄ የማጋነን ወሬ አይደለም። አባሉም ይሄን ያውቃል፣ ኢሜይላችሁን የሚመልሰውም ለዚህ ነው።

የፓርቲ ስምም ወረቀቱ ላይ አትፈልጉ። የከተማ ምርጫው ከፓርቲ ነፃ ነው፣ ሰውየውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሁለተኛ ምርጫ ከሞላሁ የመጀመሪያውን እጎዳለሁ»

ታኮማ ፓርክ ከ2007 ጀምሮ የምትጠቀመው በደረጃ መምረጥን ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላችሁ ትደረድራላችሁ። በመጀመሪያው ቆጠራ ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ እዚያው አለቀ። ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና እሱን የመረጡ ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል፣ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። የናንተ አንደኛ ውድድር ውስጥ እስካለ ድረስ ሁለተኛችሁን ማንም አይነካውም። ስለዚህ አይጎዳውም። መደርደር ካልፈለጋችሁ አንድ ብቻ መምረጥም መብታችሁ ነው።

«የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባስ?»

የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያን ያህል ትልቅ ሆና፣ ያን ሁሉ የሐበሻ ምግብ ቤት ይዛ፣ በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባም ምክር ቤትም የላትም። የሚያስተዳድራት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። የካውንቲው ምክር ቤት 11 አባላት አሉት፦ ሰባቱ ከየወረዳቸው፣ አራቱ በመላው ካውንቲ የሚመረጡ። የካውንቲው ዋና አስፈጻሚም ለብቻው ይመረጣል። ያ ሁሉ የዜጎች ምርጫ ነው። ቤታችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ፣ መንገድ ተሻግሮ ታኮማ ፓርክ ያለው ዜጋ ያልሆነ ጎረቤት ሲመርጥ እናንተ የማትመርጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በፖስታ አድራሻም አትመኑ። ፖስታችሁ ላይ «ታኮማ ፓርክ» ተጽፎ ቤታችሁ ከከተማዋ ክልል ውጭ ሊሆን ይችላል። ዲሲ ውስጥ ያለው ታኮማ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። የከተማዋ ድረ ገጽ ላይ ካርታ አለ፣ ወይም ሲቲ ክለርክን ጠይቁ።

«ትምህርት ቤቱንም ምክር ቤቱ ነው የሚያስተዳድረው»

አይደለም። ትምህርት ቤት የካውንቲው ነው፣ የራሱ ቦርድ አለው። እሳት አደጋም የካውንቲው ነው። ፖሊስና ቤተ መጻሕፍት ግን ከተማዋ የራሷ አላት፣ ቤት ያለው ሰው ለካውንቲውም ለከተማዋም ታክስ የሚከፍለውም ለዚህ ጭምር ነው።

«ኪራይ የጨመረብን አከራዩ ነው፣ ምክር ቤቱ ምን ያገባዋል?»

ያገባዋል እንጂ! ታኮማ ፓርክ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ያላት ከተማ ናት። ደንቡን ያወጣው ምክር ቤቱ ነው፣ ሊያጠብቀውም ሊያላላውም የሚችለው እሱ ነው። ጣሪያው ከዋጋ ንረት ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ይሰላል። ከዚያ በላይ መጨመር የሚፈልግ አከራይ የከተማዋን የአከራይና ተከራይ ኮሚሽን ማስፈቀድ አለበት። ከደንቡ ውጭ የሆኑ ቤቶችም አሉ፣ ስለዚህ የጭማሪ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የከተማዋ ቤቶች ክፍል ደውላችሁ «የኔ ቤት ይሸፈናል? የዘንድሮው ጣሪያ ስንት ነው?» በሉ።

«ስብሰባው ለእነሱ ነው፣ እኛ ምን እንላለን?»

ዝምታ ለበግም አልበጃት። የምክር ቤቱ ስብሰባ ክፍት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ማታ። ነዋሪ ተነስቶ የሚናገርበት ጊዜ ተመድቧል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ደቂቃ። መናገር ያስፈራኝ ያለ ሰው አስቀድሞ ጽፎ መላክ ይችላል። ደንብ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነበባል፦ አንድ ቀን የመጀመሪያው ንባብ፣ ሌላ ቀን ሁለተኛው። በሁለቱ መሀል ያሉት ቀናት ናቸው የዋርዳችሁ አባል ጋ የሚደወልባቸው፣ ምክንያቱም ያኔ ጽሑፉ ገና ሊስተካከል ይችላል።